የመጀመሪያዎቹ የስዊድንኛ የሒሳብ መጻሕፍት ለምን ዘገዩ? ማንስ ተማረባቸው?

ሰናይት ከኡፕሳላ፦

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የትምህርት ታሪክን አብረን የምናነብ ጥቂት መምህራን በአንድ ጥያቄ ላይ ሳንስማማ ስለቀረን፣ ጉዳዩን የምታውቁ ሰዎች በሰፊው እንድታብራሩልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አዲስ ኪዳን በስዊድንኛ የታተመው በ1526 ሲሆን መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1541፣ በንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ ዘመን ታትሞ ወጥቷል። በስዊድንኛ የታተመው የመጀመሪያው የሒሳብ መጽሐፍ ግን እዚሁ ኡፕሳላ በ1614 የወጣው የኤጊዲዩስ አውሬሊዩስ ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል ከሰባ ዓመት በላይ አለፈ። በሌሎች አገሮች ነገሩ እንዲህ አልነበረም፤ በጣሊያን በትሬቪዞ ከተማ በ1478፣ በጀርመን አገርም በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሕዝቡ ቋንቋ የተጻፉ የሒሳብ መጻሕፍት ታትመዋል፤ በእንግሊዝም የሮበርት ሬኮርድ መጽሐፍ ከ1543 ጀምሮ ይነበብ ነበር። ስዊድን ለምን ዘገየች?

ሁለተኛው ጥያቄዬ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ማን ተማረበት የሚል ነው። ከመካከላችን አንዳንዶች የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነበር ሲሉ፣ ሌሎች የነጋዴና የመዝገብ ጸሐፊ መጽሐፍ ነበር ይላሉ። ሦስተኛ፣ የዚያ ዘመን ተማሪ ሕጉን በቃሉ ከማጥናት አልፎ ሕጉ ለምን እንደሚሠራ የሚረዳበት ዕድል ነበረው ወይ? እኔ በግሌ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ዛሬም ቢሆን ከልጆቻችን ጋር የምንታገልበት ጉዳይ ነውና።

ባለ መዝገብ፦

እህታችን ሰናይት፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ በአቅሜ ልመልስ። መዘግየቱን ለመረዳት ማንበብን ማን እንደደገፈው፣ ስሌትን ደግሞ ማን እንደፈለገው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የስዊድን ሕዝብ ማንበብ እንዲችል የፈለገችው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1571 የጸናው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ስለ ትምህርት ቤቶችም ደንግጓል፤ በዚያ ሥርዓት ዋናው ትምህርት የላቲን ሰዋስውና ሃይማኖት ሲሆን ሒሳብ ይህ ነው የሚባል ቦታ አልነበረውም። በኋላም የ1686ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ሲወጣ ካህኑ ምእመናኑን የሃይማኖት ትምህርትና ንባብ እንዲፈትናቸው ተደረገ፤ ስዊድን ከሌሎች አገሮች ቀድማ የሚያነብ ገበሬ እንዲኖራት ያደረጋት ይህ ነው። ማካፈል ይችል እንደሆነ ግን ገበሬውን የጠየቀው ካህን አልነበረም። ስሌትን የፈለጉት ነጋዴውና የንጉሡ ግምጃ ቤት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ደግሞ ጉዳያቸውን ያለ መጽሐፍ ይፈጽሙ ነበር።

ግምጃ ቤቱን ብንመለከት፣ ከጉስታቭ ቫሳ ዘመን ጀምሮ የግብር ሰብሳቢዎቹ መዝገቦች በስዊድንኛ ተጽፈው ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። ቅቤው፣ እህሉ፣ ብረቱ፣ የከብቱ ቆዳ ሁሉ በዝርዝር ሰፍሮባቸዋል። ቁጥሮቹ የተጻፉት ግን በአብዛኛው በሮማውያን አኃዝ ነው። በሮማውያን አኃዝ ወረቀት ላይ ማባዛት ስለማይመች፣ ጸሐፊዎቹ መስመር በተሰመረበት ሰሌዳ ላይ ትንንሽ የመቁጠሪያ ሳንቲሞችን እያንቀሳቀሱ ያሰሉና የተገኘውን ውጤት ብቻ ይመዘግቡ ነበር። ይህ ችሎታ የሚገኘው ከባለሙያ ጎን ተቀምጦ በማየት ነው። የንግዱ ዓለም ደግሞ ለረጅም ጊዜ በጀርመን ነጋዴዎች እጅ ነበር፤ ስቶክሆልም ውስጥ ጀርመንኛ የገበያ ቋንቋ ስለነበር፣ የሒሳብ መጽሐፍ የፈለገ ነጋዴ በጀርመንኛ የታተመውን ያነብ ነበር። ስዊድንኛ አንባቢ ጥቂት፣ ማተሚያ ቤቱም ጥቂት በነበረበት አገር ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ቶሎ ባይገኝ አይደንቅም።

ከአውሬሊዩስ በፊት ግን አንድ ሰው መታወስ አለበት። ሃንስ ላርሶን ሪዛኔሳንደር በ1601 በስዊድንኛ የሒሳብ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ ሆኖም በእጅ ጽሑፍ ቀረ እንጂ በዘመኑ አልታተመም። ስለዚህ በስዊድንኛ የመጀመሪያው የሒሳብ መጽሐፍ የትኛው ነው ለሚል ሰው መልሱ ሁለት ነው፤ የተጻፈው የሪዛኔሳንደር፣ የታተመው የአውሬሊዩስ። ይህን የምለው ብዙ ጊዜ የሪዛኔሳንደር ስም ሳይነሣ ስለሚታለፍ ነው፤ አንድን ዕውቀት ለመጀመሪያ ጊዜ በአገሩ ቋንቋ ለማስተማር የደከመ ሰው ሥራው ሳይታተም ስለቀረ ብቻ መረሳት አይገባውም።

1614 ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ ዓመት አይደለም። በ1613 ስዊድን ከዴንማርክ ጋር በክኔሬድ ስትታረቅ የኤልቭስቦርይን ምሽግ ለማስመለስ 1 ሚሊዮን ሪክስዳለር ለመክፈል ተገድዳ ነበር። ያንን ገንዘብ ለመሰብሰብ በመላ አገሪቱ የነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ፤ መዝገብ የሚይዝ፣ የሚደምር፣ የሚመነዝር ሰው በየአውራጃው ተፈለገ። መጽሐፉ ለዚሁ ዓላማ ተጻፈ አልልም፤ ነገር ግን ስዊድንኛ የሚያነብና የሚያሰላ ሰው ከምንጊዜውም ይልቅ ተፈላጊ በሆነበት ዘመን እንደወጣ ልብ ማለት ይገባል።

የሺዋስ፦

ባለ መዝገብ ያሉት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እኔ መጽሐፉ በውስጡ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚይዝ ላሳይ፤ ያለዚያ ማን ተማረበት የሚለው ጥያቄ ግልጽ አይሆንም።

የአውሬሊዩስ መጽሐፍ በርእሱ ላይ እንደሚናገረው ስለ ሙሉ ቁጥሮችና ስለ ክፍልፋዮች የሚያስተምር ነው። የዘመኑ የሒሳብ መጻሕፍት አካሄዳቸው ተመሳሳይ ነበር፤ መጀመሪያ ቁጥርን ማንበብና መጻፍ፣ ከዚያ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል፣ በመጨረሻም የነጋዴ ሁሉ መመኪያ የሆነው የሦስት ቁጥሮች ሕግ ይመጣል። ቁጥርን ማንበብና መጻፍ ራሱን የቻለ ምዕራፍ መሆኑ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በግእዝ አኃዝ የተጻፈ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል፤ በግእዝ አኃዝም ሆነ በሮማውያን አኃዝ ዜሮ የለም፤ ምልክቱ ዋጋውን የሚያገኘው ከራሱ እንጂ ከቆመበት ቤት አይደለም። 3 ቁጥር በአንድ ቤት ሦስት፣ በአስር ቤት ሠላሳ፣ በመቶ ቤት ሦስት መቶ መሆኑን ጎልማሳ ተማሪ እንደ አዲስ መማር ነበረበት።

የሦስት ቁጥሮችን ሕግ በአንድ ምሳሌ እንመልከት፤ ምሳሌው በዘመኑ መለኪያዎች እኔ ያዘጋጀሁት ነው። በገንዘብ 1 ዳለር 4 ማርክ፣ 1 ማርክ 8 ኧሬ ነው፤ ስለዚህ 1 ዳለር 32 ኧሬ ይሆናል። 1 ኧሬ ደግሞ በተራው 24 ፔኒንግ ይመነዘራል። በክብደት 1 ሼፑንድ 20 ሊስፑንድ፣ 1 ሊስፑንድ 20 ስኮልፑንድ ነው። እንግዲህ 3 ሊስፑንድ ብረት በ4 ዳለር ከ16 ኧሬ ቢሸጥ፣ 1 ሼፑንድ ስንት ያወጣል? ተማሪው አስቀድሞ ሁሉንም ወደ ትንሹ መለኪያ ያወርዳል፤ 4 ዳለር ከ16 ኧሬ 144 ኧሬ፣ 1 ሼፑንድም 20 ሊስፑንድ ይሆናል። ከዚያ ሦስቱን ቁጥሮች 3፣ 144፣ 20 ብሎ በአንድ መስመር ይደረድራል። ሕጉ የመጨረሻውን በመካከለኛው አባዛ፣ ለመጀመሪያው አካፍል ይላል። 20 በ144 ሲባዛ 2880፣ ለ3 ሲካፈል 960 ኧሬ፤ ይህም ለ32 ሲካፈል 30 ዳለር ይሆናል።

እንደምታዩት አብዛኛው ድካም መመንዘር ላይ ነው። ሒሳቡ ራሱ ሁለት መስመር ሲሆን፣ ዳለርን ወደ ኧሬ፣ ኧሬን ወደ ፔኒንግ፣ ሼፑንድን ወደ ስኮልፑንድ ማውረድና መልሶ ማውጣት ግን የተማሪውን ጊዜ ሁሉ ይበላል። ይህን ሁሉ የሚፈልገው ማን ነው ቢባል ብረትና መዳብ የሚመዝን፣ ግብር የሚቀበል፣ ዕዳ የሚጽፍ ሰው ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ እኔ የነጋዴና የጸሐፊ መጽሐፍ ነበር ከሚሉት ጋር ነኝ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። ሕጉን ብቻ ያጠና ተማሪ የት ላይ እንደሚወድቅ ላሳይ። 12 ሠራተኞች አንድን ሥራ በ15 ቀን ቢጨርሱ፣ 20 ሠራተኞች በስንት ቀን ይጨርሱታል? ቁጥሮቹን 12፣ 15፣ 20 ብሎ ደርድሮ ከላይ ባየነው ሕግ የሠራ ሰው 25 ቀን ያገኛል፤ ሠራተኛው በዛ፣ ቀኑም በዛ ማለት ነው። ትክክለኛው መልስ 9 ቀን ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚጠበቀው ኢ-ርቱዕ ወደርነት፣ ማለትም አንዱ ሲበዛ ሌላው በዚያው ልክ የሚያንስበት ግንኙነት ነው። መጻሕፍቱ ለዚህ ሌላ ሕግ ነበራቸው፤ የመጀመሪያውን በመካከለኛው አባዝቶ ለመጨረሻው ማካፈል። ተማሪው ጥያቄው ከየትኛው ወገን እንደሆነ በራሱ መለየት ካልቻለ ግን የሕጉ ብዛት አያድነውም።

የጊዜው ማረጋገጫም ቢሆን ውስን ነበር። በየመጽሐፉ የተለመደው በ9 መፈተሽ ነው፤ አኃዞቹን ደምሮ 9 እየጣሉ የቀረውን ማወዳደር። ይህ ፍተሻ ብዙ ስሕተት ይይዛል፤ ነገር ግን 2880 መጻፍ የሚገባው ጸሐፊ እጁ ተሳስቶ 2808 ቢጽፍ የአኃዞቹ ድምር ያው 18 ስለሆነ ስሕተቱን ሳያይ ያልፋል። ፍተሻው ለምን እንደሚሠራ የተነገረው ተማሪ ለምን እንደማይሠራም ያውቅ ነበር፤ አብዛኛው ግን አልተነገረውም።

ዘመድኩን፦

አጭር ነገር ልጨምር። በካቴድራል ትምህርት ቤቶች ስሌት ጨርሶ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ካህን ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ማወቅ ነበረበትና። በእኛ ዘንድ ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው የበዓላት ቀን የሚወጣባቸውን ቁጥሮች፣ ወንበርንና አበቅቴን፣ መጥቅዕንም ለማግኘት በ19 ይገድፍ (አካፍሎ ቀሪውን ይይዝ) እንደነበረ ሁሉ፣ የምዕራብ ካህናትም በዚያው የ19 ዓመት የጨረቃ ዑደት ላይ የተመሠረተ ስሌት ይማሩ ነበር። ይህ ግን በላቲን የሚሰጥ የካህናት ትምህርት ነው፤ ወደ ገበያም ወደ ገበሬውም አልወረደም።

ሰናይት ከኡፕሳላ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሺዋስ ያቀረቡት የሠራተኞቹ ምሳሌ ልክ እኛ የተከራከርንበትን ነገር የሚነካ ነው። አንድ ነገር ግን አልጠራልኝም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስዊድን ጂምናዚየሞችን፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጁ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶችን ከፍታለች፤ ዩኒቨርሲቲውም ከ1477 ጀምሮ ነበር። የሒሳብ ሊቃውንት በአገሩ እያሉ ምክንያቱ ወደ ስዊድንኛው መጽሐፍ ሳይደርስ እንዴት ቀረ? ትምህርት ቤቶቹስ መቼ ነው ሒሳብን በስዊድንኛ የተቀበሉት?

ባለ መዝገብ፦

ጥሩ ጠየቅሽ። ነገሩ በአጭሩ ሕጉ በስዊድንኛ፣ ምክንያቱ በላቲን ስለነበር ነው። ዮሐንስ ሩድቤኪዩስ በቬስተሮስ በ1623 ያቋቋመው የአገሪቱ የመጀመሪያው ጂምናዚየም የሒሳብ ትምህርት ነበረው፤ ግን በላቲን ነው። የኡፕሳላው መምህር ማርቲኑስ ጌስትሪኒዩስ በ1637 የጥንቱን ግሪካዊ የጂኦሜትሪ ሊቅ የኤውክሊድን የመጀመሪያ ስድስት መጻሕፍት ከነማረጋገጫቸው ሲያሳትም በላቲን አሳተመ። የሦስት ቁጥሮች ሕግ የቆመበት መሠረት እዚያ ውስጥ አለ፤ በስድስተኛው መጽሐፍ 16ኛ አንቀጽ አራት መስመሮች ወደረኛ ከሆኑ የዳርና የዳሩ ብዜት ከመካከልና ከመካከሉ ብዜት ጋር እኩል እንደሆነ ይረጋገጣል። ይህን ያነበበ ተማሪ የሺዋስ ባቀረቡት ምሳሌ 144 በ20 የሚባዛው ለምን እንደሆነ፣ ለ3 የሚካፈለውም ለምን እንደሆነ ያውቃል። ብረት የሚመዝነው ጸሐፊ ግን ላቲን አያውቅም፤ ላቲን የሚያውቀው ተማሪም ብረት አይመዝንም። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ጎዳና ላይ ሳይገናኙ ኖሩ፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል።

የትምህርት ቤቱን ነገር በተመለከተ ወሳኙ የንግሥት ክርስቲና የ1649 የትምህርት ቤቶች ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት በከተማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከላቲኑ ክፍሎች ጎን የጽሕፈትና የሒሳብ ክፍል ቦታ አገኘ፤ መምህሩም አፖሎጊስት ይባል ነበር። ወደዚያ የሚገቡት የላቲኑን መንገድ የማይቀጥሉ፣ ወደ ንግድና ወደ ዝቅተኛ የመንግሥት ሥራ የሚሄዱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖቻችሁ ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ከ1649 በኋላ የነጋዴው ሒሳብ ወደ ትምህርት ቤቱ ገባ፤ የገባው ግን በጎን በር ነው፤ ክብሩም የላቲኑ ክብር አልነበረም። የኒልስ አግሬሊዩስ የሒሳብ መጽሐፍ በ1655 የወጣው ከዚህ ብዙም ሳይቆይ ነው። ርእሱ በላቲን ይጀምር እንጂ ትምህርቱ በስዊድንኛ ነው፤ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስም ደጋግሞ ታትሟል። የአውሬሊዩስም መጽሐፍ እንዲሁ በተደጋጋሚ ታትሟል። ገዥ ባይኖረው ኖሮ አታሚዎቹ አይደክሙበትም ነበር።

የሺዋስ፦

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እኔ ልቀጥል፤ ምክንያቱ ወደ ስዊድንኛ የገባው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነውና። በዚህ ሥራ የመጀመሪያውን እርምጃ የወሰዱት ከዩኒቨርሲቲው ወንበር ውጭ የነበሩ ሰዎች መሆናቸው ትኩረት የሚስብ ነው። የማዕድን ማሽኖች ፈልሳፊው ክሪስቶፈር ፖልሄም በ1716 ለወጣቶች የተዘጋጀ የሒሳብ መጽሐፍ በስዊድንኛ አሳተመ። በ1718 ኢማኑኤል ስዊድንቦርግ በስዊድንኛ የመጀመሪያ ከሚባሉት አንዱ የሆነውን የአልጀብራ መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት አንደርሽ ጋብሪኤል ዱሬ በስቶክሆልም በስዊድንኛ ያስተማረው የአልጀብራ ትምህርት ተማሪው በነበረው በዬኦርግ ብራንት ተሰናድቶ ታተመ፤ ይህ ብራንት በኋላ ኮባልት የተባለውን ብረት በማግኘቱ የታወቀው ኬሚስት ነው። ዱሬ ያስተማራቸው የምሽግ መሐንዲሶችና የማዕድን ባለሥልጣናት ነበሩ፤ አልጀብራ የሚያስፈልጋቸው፣ በላቲን ግን ጊዜ የማያጠፉ ሰዎች።

በዚያው ዘመን ንጉሥ ካርል 12ኛ ራሱ በቁጥር አጻጻፍ ላይ ይከራከር እንደነበረ ይታወቃል። አስርን እየደጋገሙ ለሁለት ሲከፍሉ ቶሎ ክፍልፋይ ውስጥ ይገባል፤ 10፣ 5፣ ከዚያ ሁለት ተኩል። ስምንት ግን 8፣ 4፣ 2፣ 1 እያለ ያለ ክፍልፋይ ይወርዳል፤ ስድሳ አራትም እንደዚሁ። ንጉሡ በ64 የሚቆጠር ሥርዓት ሲያስብ፣ ስዊድንቦርግ በ8 ስለ መቁጠር በ1718 አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቶለት ነበር፤ ንጉሡ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኖርዌይ ውስጥ ስለተገደለ ጽሑፉም ሳይታተም ቀረ። ማርኩ በ8 ኧሬ፣ ዳለሩ በ32 ኧሬ በሚቆጠርበት አገር ሐሳቡ እብደት አልነበረም።

በሦስተኛው ጥያቄሽ ላይ ግን ዋናው መልስ የአንደርሽ ሴልሲዩስ መጽሐፍ ይመስለኛል። ሴልሲዩስን ሁላችን የምናውቀው በሙቀት መለኪያው ነው፤ ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ በ1727፣ ገና የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሳለ፣ በስዊድንኛ የሒሳብ መጽሐፍ አሳትሟል። በርእሱ ላይ ይህ የስሌት ጥበብ በማረጋገጫ የተደገፈ መሆኑን ያውጃል። እኔ ይህንን ርእስ በታላቅ አክብሮት ነው የማነበው፤ ከአውሬሊዩስ 113 ዓመት በኋላ ነጋዴው የሚያሰላበትን ሕግ ከማረጋገጫ ጋር በገዛ ቋንቋው የሚያነብበት መጽሐፍ ተገኘና። የማረጋገጫው ሁሉ ምንጭ የሆነው ኤውክሊድም በ1744 በሞርተን ስትሮመር ወደ ስዊድንኛ ተተርጉሞ ታተመ።

ይህ ማለት ግን ተማሪው ሁሉ ምክንያቱን ተማረ ማለት አይደለም። ሕግ የሚያስጠኑት የቆዩ መጻሕፍት ከነዚህ ጎን መሸጣቸውን ቀጥለዋል። የአፖሎጊስቱ ክፍል መምህር በቂ ጊዜ አልነበረውም፤ የተማሪው አባትም ልጁ ቶሎ ወደ ሱቅ እንዲገባ ይፈልግ ነበር። እኔ እንደ መምህር ስፈርድ፣ የሴልሲዩስ መጽሐፍ ይበልጥ የጠቀመው ተማሪውን ሳይሆን መምህሩን ይመስለኛል።

ሰናይት ከኡፕሳላ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የመጨረሻ ነገር ብቻ፦ የገበሬው ልጅ መቼ ተማረ?

ባለ መዝገብ፦

በሕግ ደረጃ በ1842 ነው። በዚያ ዓመት እያንዳንዱ ደብር የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲኖረው የሚያዝዝ ድንጋጌ ወጣ፤ ሒሳብም ከትምህርቶቹ አንዱ ሆነ። ከሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1839 የፔር አንቶን ፎን ስቫይግበርግ የሒሳብ መማሪያ ታትሞ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስዊድን ትምህርት ቤቶች እጅግ ከተሠራባቸው የሒሳብ መጻሕፍት አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ 1 ሪክስዳለር 48 ሺሊንግ፣ 1 ሺሊንግ 12 ሩንድስቲከን ስለነበር መመንዘሩ ገና አልቀረም። በ1855 ሪክስዳለሩ በ100 ኧሬ እንዲከፈል ተወሰነ፤ የሜትር ሥርዓትም በ1878 ታውጆ ከ1889 ጀምሮ ግዴታ ሲሆን የቀሩት አሮጌ መለኪያዎች ከሕጋዊ መለኪያነት ወጡ። የሺዋስ ከላይ ያሳዩን የመመንዘር ድካም ከመማሪያ መጻሕፍቱ የወጣው ያን ጊዜ ነው፤ በምትኩም አስርዮሽ ቁጥሮች ሰፊውን ቦታ ያዙ።